«ጠላማ መጠጥ አይደለም»፦ የመጠጥ ሕመማችንን ስንት ብለን እንቁጠረው?

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ለአንድ የቤት ለቤት ጥናት በመረጃ ሰብሳቢነት ተቀጠርኩ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ ታብሌት ይዞ በር ማንኳኳት፣ ጥያቄ ማንበብ፣ መልሱን መንካት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ግቢ ገብቼ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳዎቹ ከሚጠጋ ጋሼ ጋር ቁጭ አልን። ስለ እርሻቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ጤናቸው ጠይቄ ወደ መጠጡ ክፍል ደረስኩ።

«ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ የአልኮል መጠጥ ጠጥተዋል?»

«ኧረ እኔ መጠጥ አልነካም፣ ልጄ።»

አጠገባቸው ጣሳ አለ። ጣሳው ውስጥ ጠላ አለ። ዓይኔ ወደዚያ ሲሄድ አዩና ሳቁ። «ይኼማ ጠላ ነው! ጠላ ደግሞ መጠጥ ነው እንዴ?» ባለቤታቸው ጓዳው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር፤ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ሰዓቱ ስለመሸብኝ «አልጠጣም» የሚለውን ነክቼ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

ልወጣ ስል እማማ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስለ መጠጡ የጠየቅኸው፣ የሚረዳን ሐኪም መጥቶ ነው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ እኛ መረጃ ብቻ ነው የምንሰበስበው» አልኳቸው። «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ብለው ተመለሱ።

ያቺ የነካኋት «አልጠጣም» እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። በናሙና ጥናት ውስጥ አንድ ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የሚወክለው፤ እሱን የሚመስሉ በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ነው። እኔ አንድ ጣሳ ሳልቆጥር ስቀር ስንት ጣሳ ከአገሪቱ መዝገብ እንደጠፋ አስቡት። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ነው፦ በመጠጥ የታመመው ኢትዮጵያዊ ስንት ነው? ብለን ስንጠይቅ የምናገኘው ቁጥር ከየት እንደሚመጣና ለምን ቶሎ ማመን እንደሌለብን።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። መጠጣት ሌላ፣ በመጠጥ መታመም ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 46 በመቶው፣ ከሴቶች ደግሞ 35 በመቶው በሕይወታቸው አንድ ጊዜም ቢሆን አልኮል እንደጠጡ መናገራቸውን አሳይቷል። ይኼ የጠጪዎች ቁጥር ነው። ለማኅበር ግማሽ ጣሳ የቀመሱ እናትም፣ በየቀኑ አረቄ ቤት የሚያመሹ ሰውም እኩል እዚያ ውስጥ አሉ። ሕመም የምንለው ግን ሰው መጠጡን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ሥራውን፣ ትዳሩንና ጤናውን እያየ ሲያጣ፣ ሊተው ሲል ደግሞ እጁ ሲንቀጠቀጥ ነው። የኛ ሰው የመጀመሪያውን «ይቀማምሳል»፣ ሁለተኛውን «መጠጥ ያዘው» ይላል። ቋንቋችን ለይቶታል። ችግሩ ጥናቶቻችን ሁልጊዜ አለመለየታቸው ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት ቡታጅራና አካባቢዋ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠይቆ ችግር ያለበት አጠጣጥ የታየባቸው 3.7 በመቶ ናቸው አለ። እዚያው ጎረቤት፣ ሶዶ ወረዳ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አደገኛ አጠጣጥ ያለባቸው 21 በመቶ ናቸው አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ የታተመ ሌላ የሶዶ ጥናት ከባድ የመጠጥ ችግር ያለባቸውን 13.9 በመቶ አደረሳቸው፤ ወንዶቹን ብቻ ብንወስድ ወደ 26 በመቶ ይጠጋል፣ ሴቶቹ ግን ከ3 በመቶ በታች ናቸው።

3.7፣ 21፣ 13.9። ሁሉም የጉራጌ አካባቢ ነው። ታዲያ የትኛው ነው ትክክል?

መልሱ የሚያናድድ ነው፦ ሁሉም የየራሳቸውን ጥያቄ በትክክል መልሰው ሊሆን ይችላል። የጠየቁት ግን አንድ ጥያቄ አይደለም።

የቡታጅራው ጥናት የተጠቀመው «ኬጅ» የሚባለውን መለኪያ ነው። አራት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለህ ታውቃለህ? ሰዎች ስለ መጠጥህ ሲናገሩህ ትበሳጫለህ? በመጠጥህ የጥፋተኝነት ስሜት ተሰምቶህ ያውቃል? ጠዋት ተነስተህ ለማርከሻ ጠጥተህ ታውቃለህ? ከአራቱ ለሁለቱ «አዎ» ያለ ይመዘገባል። የመጀመሪያው የሶዶ ጥናት የተጠቀመው «ፋስት» የሚባል ሌላ አጭር መለኪያ ሲሆን፣ ዓላማውም ገና ያልታመመውን ነገር ግን ወደዚያ እያመራ ያለውን ሰው ጭምር መያዝ ነው። ሁለተኛው የተጠቀመው «ኦዲት»ን ነው። ስሙን ስትሰሙ ዋና ኦዲተር ትዝ እንዳይላችሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ ነው። ነጥቡ ከ0 እስከ 40 ይሄዳል። 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ አደጋ አለበት ይባላል፤ 20 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ደግሞ ሱስ ደረጃ ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ሶዶ ላይ መስመሩ የተሰመረው 16 ላይ ነው። መስመሩን ወደ 8 ብታወርዱት ቁጥሩ ይጨምራል፤ ወደ 20 ብትሰቅሉት ይቀንሳል። አንድም ሰው አንድም ብርጭቆ ሳይጨምር ወይም ሳይቀንስ ማለት ነው።

በዚያ ላይ ቦታው ራሱ ይለያል። የቡታጅራ ዙሪያ ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ የሶዶ አብዛኛው ደግሞ ኦርቶዶክስ። አንዱ ዘንድ መጠጥ ሐራም ነው፤ ሌላው ዘንድ ያለ ጠላ ድግስ የለም። በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ወረዳዎች እንዲህ ከተለያዩ፣ የአንዱን ቁጥር ወስዶ «ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ያህል በመቶው የመጠጥ ሕመምተኛ ነው» ማለት ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል? ግን በየዎርክሾፑ ይባላል። በየስላይዱም ይለጠፋል።

ይኼ የኛ የድህነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች በየዓመቱ አገር አቀፍ የመድኃኒትና የመጠጥ አጠቃቀም ጥናት ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጠጥ ሕመም ያለባቸውን 14.5 ሚሊዮን ብለው ቆጠሩ። በ2020 ቁጥሩ 28.3 ሚሊዮን ሆነ። በአንድ ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው! ኮቪድ ነበረ፣ ቃለ መጠይቁም በከፊል ወደ ኢንተርኔት ዞሯል፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት የሕመሙ ትርጉም ራሱ ተቀይሯል። ቀድሞ «አላግባብ መጠቀም» እና «ጥገኝነት» ተብለው ለሁለት ተከፍለው ይቆጠሩ የነበሩት በአዲሱ መመሪያ አንድ ሆኑ። አሁን 11 ምልክቶች ተዘርዝረው በ12 ወር ውስጥ ሁለቱ የታዩበት ሰው ቀላል ሕመም አለበት ይባላል፤ ስድስትና ከዚያ በላይ የታየበት ደግሞ ከባድ። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «የአሜሪካ ጠጪ በእጥፍ ታመመ» ማለት አይቻልም። ሜትሩ ተቀይሯላ!

እስቲ ደግሞ የኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ የተማርኳትን አንዲት ስሌት ላካፍላችሁ። ይህ የማንም ጥናት አይደለም፣ ምሳሌ ብቻ ነው። 1,000 ሰው አለ እንበል። ከነዚህ ውስጥ በእውነት የታመሙት 50 ናቸው፤ 5 በመቶ ማለት ነው። መጠይቃችን ጎበዝ ነው፤ ከታመሙት 100 ውስጥ 80ውን ይይዛል፣ ከጤነኞቹ 100 ውስጥ 90ውን በትክክል «ጤነኛ» ይላል። ጥሩ አይደል? እናስላው። ከ50ዎቹ ሕመምተኞች 40 ይያዛሉ። ከ950ዎቹ ጤነኞች ግን 10 በመቶው፣ ማለትም 95 ሰዎች፣ በስህተት ሕመምተኛ ይባላሉ። ድምሩ 135 ነው። ሪፖርታችን «13.5 በመቶ» ብሎ ይወጣል። እውነቱ 5 ነበር። ከተያዙት ውስጥ አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው ማለት ነው፤ ምክንያቱም ጤነኛው ስለሚበዛ ትንሿ ስህተት ብዙ ሰው ላይ ታርፋለች።

ሶዶ ላይ የሆነው ይኼ ነው እያልኩ አይደለም፤ እዚያ መስመሩ ከፍ ብሎ ስለተሰመረ ስህተቱም ያንሳል። ነጥቤ ሌላ ነው። በመጠይቅ የተለየ ሰው ገና በሐኪም አልታየም። መጠይቁ ወንፊት እንጂ ሚዛን አይደለም። መጠይቁ በኛ አገር፣ በኛ ቋንቋ ስንቱን እንደሚይዝና ስንቱን እንደሚስት ከታወቀ ስሌቱን ወደ ኋላ መልሶ እውነተኛውን ቁጥር መገመት ይቻላል። ካልታወቀ ግን 13.5 እንደ እውነት ይታተማል።

በሌላ በኩል ደግሞ የኔው ጋሼ አሉ። የመጠይቁ ስህተት ቁጥሩን ወደ ላይ ሲገፋው የሰው መደበቅ ወደ ታች ይጎትተዋል። ሚስትና ልጅ እየሰሙ «ሰክረህ ሰው ጎድተህ ታውቃለህ?» ተብሎ የተጠየቀ አባወራ ምን ይበል? ለሴት ደግሞ ይብሳል። የወንድ ስካር «ሞቅ ብሎት ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ የሴቷ ስም ያጠፋል። የሶዶ ሴቶች ከ3 በመቶ በታች መሆናቸው ከፊሉ እውነት ነው፣ ሴቶች ያነሰ ይጠጣሉ። ከፊሉ ግን ዝምታ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ሁለቱ ስህተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄዱ እርስ በርስ ይጣፋሉ ብሎ መጽናናትም አይቻልም፤ እኩል መሆናቸውን ማን ለካ?

ከዚያ የመጠኑ ጣጣ አለ። እነዚህ መጠይቆች «በአንድ ቀን ስንት መጠጥ ትጠጣለህ?» ይላሉ። አንድ መጠጥ ሲባል ብዙ ጊዜ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለበትን ለማለት ነው። ቢራ ላይ ይሠራል፤ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ 13 ግራም ገደማ ይዟል። የጠላውን ጣሳ፣ የጠጁን ብርሌ፣ የአረቄውን መለኪያ ግን ማን ይለካልን? ግማሽ ሊትር ጠላ ቀጭን ሆኖ 2 በመቶ አልኮል ቢኖረው 8 ግራም ነው፤ ወፍራም ሆኖ 6 በመቶ ቢደርስ 24 ግራም ይሆናል። ሁለቱም «አንድ ጣሳ» ናቸው። 45 በመቶ የደረሰ ድግም አረቄ በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ ብቻ 18 ግራም ገደማ ይዞ ይወርዳል፣ ከአንድ ቢራ በላይ። የገጠሩ ሰው የሚጠጣው ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ቤት ውስጥ የሚጠመቀው ነው፤ ፋብሪካ አያውቀው፣ ኤክሳይዝ ታክስ አይነካው።

ጊዜውም ጉዳይ ነው። «ባለፉት 30 ቀናት» የሚል ጥያቄ ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ብትጠይቁ ብዙ ሰው ከመጠጥ ታቅቧል። እሱኑ ጥያቄ ከፋሲካ በኋላ፣ ሰርግ በሰርግ ላይ በሚደራረብበት በሚያዝያ ብትጠይቁ ሌላ አገር ያገኛችሁ ይመስላችኋል።

ሌላው ደግሞ ቤት ውስጥ የማይገኘው ሰው ነው። የቤት ለቤት ጥናት ቤት ያለውን ነው የሚያገኘው። ጎዳና ላይ የሚያድረው፣ ማረሚያ ቤት ያለው፣ ካምፕ ውስጥ ያለው ወታደር፣ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ያለው ተማሪ፣ ከግንባታ ወደ ግንባታ የሚዞረው የቀን ሠራተኛ መዝገቡ ላይ የለም። በዚያ ላይ ናሙናውን የምናወጣበት መሠረት የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ የመጨረሻው ቆጠራችን የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ለአቅመ መጠጥ ደርሷል። አካፋዩን በቅጡ ሳናውቅ በመቶኛ ማውራት እንዴት ነው?

«እሺ፣ ቁጥሩ ትክክል ባይሆንስ ምን ይጠበስ? ሕመሙ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ በመለካት ፈንታ ለምን አናክምም?» የሚል ይኖራል። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ፤ እማማም ሊሉኝ የፈለጉት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ የሚመደበው በቁጥር ነው። 3.7 በመቶ ከሆነ ጥቂት ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ መጨመር ሊበቃ ይችላል። 14 በመቶ ከሆነ ግን አልጋ የትም አይደርስም፤ በየጤና ጣቢያው ነርስ ማሠልጠን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ማስታጠቅ ነው የሚያዋጣው። 21 በመቶው ገና አፋፍ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ሕክምና ሳይሆን ምክር፣ ዋጋና ሕግ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ሦስት የተለያዩ በጀቶች ናቸው። ያው የሶዶ ጥናት ከባድ ችግር ካለባቸው ሰዎች 87 በመቶው ሕክምና ፈልገው እንደማያውቁ ነግሮናል። ስለዚህ የተሳሳተ ቁጥር ዋጋ የሚከፍለው እኔና እናንተ ሳንሆን ደጃፍ ላይ አንገታቸውን የደፉት ናቸው።

ሕጉንም ተመልከቱት። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮልን ማስታወቂያ ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ አወረደ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ እንዳይሸጥም ከለከለ። በቀጣዩ ዓመት የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መጣ። ሁለቱንም ደግፌአለሁ። ግን ሠርተዋል ወይ? ጠጪው ቀነሰ ወይስ ከቢራ ወደ አረቄ ዞረ? ይህን ለመመለስ ከሕጉ በፊትና በኋላ በአንድ መለኪያ፣ በአንድ ወቅት፣ በአገር ደረጃ የሕመሙ ልኬት ያስፈልገን ነበር። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች የአደጋ ምክንያቶች ጥናት ስለ መጠጣት ጠይቋል፤ ጥሩ ጅምር ነው። መጠጣትን መጠየቅ ግን መታመምን መለካት አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ተአምር አያስፈልግም።

አንደኛ፣ አንድ ቁጥር መፈለግ እናቁም። የጠጪው፣ አደጋ ላይ ያለው፣ የታመመው፣ ሱስ ደረጃ የደረሰው፣ አራቱም ለየብቻ ይታተሙ፤ የየትኛው መጠይቅ የትኛው መስመር እንደሆነም አብሮ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በአገር አቀፍ ጥናት ውስጥ መጠይቁ ከለያቸው ሰዎች ጥቂቱን፣ ካልለያቸውም ጥቂቱን፣ የሠለጠነ ባለሙያ ድጋሚ ያነጋግራቸው። የወንፊቱን ስህተት የምናውቀው በዚህ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ መረጃ ሰብሳቢው ጣሳውን፣ ብርሌውንና መለኪያውን በሥዕል ይዞ ይሂድ፤ «አልኮል ጠጥተዋል?» ከማለት «ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቦርዴ ቀምሰዋል?» ብሎ በየስማቸው ይጠይቅ። ጥያቄውንም ለብቻ፣ ቤተሰብ በማይሰማበት ያድርገው። አራተኛ፣ የሰውን አንደበት በሌላ ማስረጃ እናመሳክር። ሰው መጠጣቱን ይደብቃል፤ ጌሾ መግዛቱን ግን አይደብቅም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በሚያካሂደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ጌሾና ብቅል በጥንቃቄ ቢመዘገቡ፣ ከቢራው የታክስ መዝገብ ጋር ተደምሮ አገሪቱ በጠቅላላ ምን ያህል እንደምትጠጣ ይጠቁመናል። ማን እንደታመመ ባይነግረንም መጠይቁ ስንት ጣሳ እንደጠፋበት ይነግረናል። አምስተኛና የመጨረሻው፣ በየአምስት ዓመቱ ያንኑ መለኪያ እንድገመው። የተሻለ መለኪያ ከመጣም ሁለቱን አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ጠይቀን እንሸጋገር፤ አለበለዚያ የአሜሪካኖቹ ግራ መጋባት ይጠብቀናል።

እኔ በበኩሌ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አበው፤ እውነት ነው። ግን ጋሼ ጣሳቸውን አልደበቁም። ፊቴ አስቀምጠውት ነበር። አይቼ ያልመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ መጠይቁም መመዝገቢያ ቦታ አልሰጠኝም። በሚቀጥለው ዙር ያንን ግቢ የሚያንኳኳው ልጅ ጣሳውን ይቁጠር። እማማ ሲጠይቁትም የሚያመለክታቸው አንድ ጤና ጣቢያ በእጁ ይኑረው።

ቸር እንሰንብት።